ጀልባ ላይ ከፍ ያደረግኩት ቅጠል

ዛሬም ትዝ ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

የማስተር ፕላኑ ረብሻ ጊዜ ነው። ከቡራዩ አዲስ አበባ ሚኒባስ እነዳ ነበር። ያን ሰሞን ወጣቶች መንገድ ከዘጉ፣ ብልጥ ሹፌር እርጥብ ቅጠል ቆርጦ መኪናው ፊት ላይ ይሰካል። «ከእናንተ ጋር ነኝ» ማለት ነው፤ ያሳልፉታል። እኔማ ቅጠል ከመቀመጫዬ ሥር ጠፍቶ አያውቅም።

መንገዱ ትንሽ ረገብ ሲል ሚስቴ «እስቲ ተንፈስ በል» ብላ ዝዋይ ሐይቅ ወሰደችኝ። አስጎብኚያችን ኦቦ ቱፋ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ጀልባዋን ሸምበቆ መሃል አስገብተው ሞተሩን አጠፉና «ድምፅ እንዳታሰሙ፤ የማሳያችሁ ነገር አለ» አሉን በሹክሹክታ።

ይሄኔ በሌላ ጀልባ የተሳፈሩ ሰባት ስምንት ወጣቶች እጃቸውን እያወዛወዙና እየጮኹ ወደ እኛ መጡ። መንገድ የሚዘጉት ልጆች መሰሉኝ። ብድግ ብዬ አጠገቤ ካለው ሸምበቆ አንድ እቅፍ ሰበርኩና ከራሴ በላይ አንስቼ፣ በኦሮምኛ «ከእናንተ ጋር ነኝ! የቡራዩ ልጅ ነኝ!» እያልኩ ጮህኩ።

ወጣቶቹ ሳቃቸውን ለቀቁት። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ቱፋ!» ብለው አለፉ። ለካ ሰላምታ ኖሯል።

ሚስቴ ግን አልሳቀችም። ኦቦ ቱፋም እጄን እጄን እያዩ «ልጄ፣ ላሳያችሁ የነበረው እሱን ነው» አሉኝ።

ሸምበቆውን ዝቅ ሳደርገው መሃሉ ላይ የወፍ ጎጆ አለ። ላባ ያላወጡ ሁለት ጫጩቶች፣ ምግብ ያመጣሁላቸው መስሏቸው፣ አፋቸውን ከፈቱልኝ።