በጫሞ ዳር የተጮኸው ቃል

ጊዜው ሚያዝያ ነበር። ዝናቡ ገና መጀመሩ ስለሆነ ጫሞ ሐይቅ ዳር ዳሩን ደፍርሷል። እናንተ እዚህ ሮም የምታዩት የቴቬሬ ወንዝ በግንብ ታጥሮ ነው የሚፈሰው፤ ጫሞ አጥር የለውም።

ሦስት ነበርን፤ ታላቅ ወንድሜ ታደለ፣ እኔና ኮሌጅ የሚያስተምሩ አንድ ሕንዳዊ መምህር። አንድ አዞ ዓሣ አጥማጆችን በልቶ ሰው ውኃ መቅዳት ስለፈራ ግደሉልን ተብለን ነው የሄድነው። ታደለ ጦር ይዟል፣ እኔ ጠመንጃ። መምህሩ የመጡት ርዝመቱን ለመለካት ነው። አማርኛ እየለመዱ ስለነበር ታደለ መንገዱን ሁሉ ቃል ሲያስተምራቸው ሄደ።

ጠዋት ዱካውን አገኘነው። ጭቃው ላይ ግራና ቀኝ የእግሩ ጣቶች፣ መሐል ላይ ጅራቱ የጎተተው መስመር። ታደለ ጠርዙን በጣቱ ነካ አድርጎ «አሁን ነው የገባው» አለ። የፍየል ሥጋ በገመድ ከካስማ ጋር አስረን ውኃው አፍ ላይ ተውንና ነፋሱ ጠረናችንን እንዳይወስድበት ዞረን አደፈጥን። እኔ ሸንበቆው ሥር ተኛሁ፤ መምህሩ ኩይሳ ላይ ወጡ።

ፀሐዩ ከረር ሲል ገመዱ ላላ። ታደለ ሊያጠብቀው እስከ ጉልበቱ ገባ። እኔን ሸንበቆው ጋርዶኛል። መምህሩ ግን ከላይ ሆነው ውኃው ሲሰነጠቅ አዩ። ብድግ ብለው «መገር! መገር!» እያሉ ጮኹ።

ታደለ ቀና ብሎ ወደ እሳቸው ዞረ። «ምን አሉ መምህር?» አለ።

ውኃው ከኋላው ተነሣ። ወገቡን ያዘው። እንዳልተኩስ ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው። ጠመንጃውን ጥዬ ዘልዬ ገባሁና ክንዱን ያዝኩ። አዞው ሲገለባበጥ ጅራቱ ጎኔን መታኝ፤ ትንፋሼ ተቋረጠ፣ አብሬ ሰመጥኩ። እጁ ከእጄ ሲወጣ ተሰማኝ። እኔን መምህሩ ውኃው ውስጥ ገብተው በቀበቶዬ ጎትተው አወጡኝ። ታደለን አላገኘነውም። የቀበርነው ልብሱን ነው። አዞውን በኋላ ሌሎች ገደሉት አሉ፤ ሄጄ አላየሁትም።

መምህሩ ለቅሶ ቤት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «አዞ የሚለውን አውቀዋለሁ፤ ራሱ ነው ያስተማረኝ። ስደነግጥ የእናቴ ቋንቋ ወጣ» አሉኝ። መገር በሕንድኛ አዞ ነው። «ከጥንቱ ቋንቋችን የመጣ ነው፤ መከራ ይባል ነበር» ሲሉኝ የእኛን መከራ ያሉ መሰለኝ። የእሳቸው የውኃ አውሬ ማለት ነው። እንግሊዞችም ቃሉን ወስደውት፣ በእነሱ አፍ «መገር» ሲባል መንገድ ላይ ሰው ከሚዘርፍ ወንበዴ ስም ጋር ተመሳሰለ፤ ዝምድና ግን የላቸውም አሉ። ይህን ሁሉ ለምን እንደሚያወሩኝ ያን ጊዜ አልገባኝም። ዝም ማለት ከብዷቸው ነው።

ባለፈው ኤስኲሊኖ ገበያ ቅመም የሚሸጥ ሕንዳዊ በስልክ ሲያወራ «መገር» አለ። ዘንቢሌ ከእጄ ወደቀ። ምን ማለትህ ነው ብዬ ጠየቅኩት። «ግን» ማለት ነው አለኝ፤ ድምፁ አንድ ነው፣ ቃሉ ሌላ። ሰውዬው ወሬውን ቀጠለ፤ እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

«ጋሼ፣ መምህሩን አልጠሏቸውም?» አልሽኝ ሄለን። እንዴት ልጥላቸው? እኔም እዚህ አገር ስደነግጥ የሚወጣኝ አማርኛ ነው።

አሎራ፣ እንግዲህ ዳዊት፣ አንተ ነገ ካንቲዬሬ፣ ሕንፃ ግንባታው ላይ፣ ሥራ ትጀምራለህ። ስለ ኮንትራቶህ ከመጠየቅህ በፊት፣ ከላይ ዕቃ ሲወድቅ ምን ብለው እንደሚጮኹ ጠይቃቸው። «አቴንቶ»፣ ተጠንቀቅ፣ የሚለው ብቻ አይበቃህም። አብሮህ የሚሠራው ሩማንያዊም ቤንጋሊም ሲደነግጥ የሚጮኸው በራሱ ቋንቋ ነው። የሁሉንም ያዝ።

እኔ ሰው ሲጮህ ምን እንዳለ ለመስማት አልዞርም። ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ መሐልም ቢሆን መጀመሪያ ከቆምኩበት ዘልዬ ገለል እላለሁ። ሰዉ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ታደለ ያን ዕለት ቢዘል ኖሮ ዛሬ ጉልበቱን እያሸ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር።