ልኩ ያልሆነው ፓወር ሰፕላይ

ባለፈው ሳምንት ታላቅ እህቴ የዝና ከቢቸና ደውላ «ና፣ ይሄን አሮጌ ኮምፒውተር ከሱቄ አውጣልኝ፤ ቦታ ያዘብኝ» አለችኝ። ወገቤን እያመመኝ ከምኖርበት ከሞጣ ሄድኩ። ኮምፒውተሩ እዚያው ጠረጴዛው ጥግ ላይ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል። ፓወር ሰፕላዩ ዛሬም ከሣጥኑ ውጭ፣ በጎን በኩል በሲባጎ እንደታሰረ ነው። ላነሣው አጎነበስኩና የሲባጎውን ቋጠሮ ሳይ እጄን ሰበሰብኩ። ያን ቋጠሮ የቋጠርኩት እኔ ነኝ።

ያኔ እኔም የምኖረው ቢቸና ነበር፤ የዝና ከአረብ አገር ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። የሰው ቤት እየጠረገች ባጠራቀመችው ገንዘብ ቢቸና ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፈተች። ኮምፒውተሯ አንድ ብቻ ነው፤ ያገለገለ፣ ቀጭን፣ ቄንጠኛ፣ ሁለመናው የራሱ ፋብሪካ ሥሪት። ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ እንደገባ፣ ሄዶ የነበረው መብራት በኃይል ሲመለስ ኮምፒውተሩ ጧ አለና ጸጥ አለ። የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ስለነበርኩ ከፍቼ አየሁት። የተቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ነው፤ የግድግዳውን ኃይል ለኮምፒውተሩ መጥኖ የሚያቀብለው ክፍል ማለት ነው።

መስከረም ሊጠባ ነው፤ የዓመቱ ዋና ሥራዋ ደግሞ የተማሪ ምዝገባ ሲጀመር ነው። የዝና አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። እንጀራዋን እየቆረሰች «እንግዲህ ይሄ ካልሠራ ተመልሼ እሄዳለሁ» አለች፤ የቅዳሜ ገበያ የምትሄድ ነበር የሚመስለው። እኔ ግን እንጀራዬን ትቼ ተነሣሁ። እናታችን ካረፈች ወዲህ የቀረችኝ እሷ ነበረች። በሌለችባቸው ዓመታት ቤቱ እንዴት ጭር ብሎ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው።

ሞጣ ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚነግዱ ጋሽ ኑሩ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ደወልኩላቸው፤ መስመሩ ይቆራረጣል።

«ጋሽ ኑሩ፣ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ አለዎት?»

«አለ!»

«ልኩ ነው?»

«ልክ ነው፣ ልክ ነው! ና ውሰድ!»

የተቃጠለውን በፌስታል ይዤ በማግሥቱ ተሳፈርኩ። የዚያን ጊዜው መንገድ፣ በተለይ በክረምት፣ መንገድ ተብሎ አይጠራም ነበር። ደብረ ወርቅ ሳንደርስ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረና ወርደን ገፋን፤ ካለፍን በኋላም ደግመን ገፋን። መንገድ ዳር የሚሸጥ የበቆሎ እሸት ጥብስ ገዝቼ ስግጥ አፌና ጣቴ ጠቆረ። ዛሬ ሳስበው ከዚያ ጉዞ ሁሉ ጥሩው ነገር እሱ በቆሎ ነበር። ሞጣ ስገባ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበርኩ።

ጋሽ ኑሩ ሁለቱን ዕቃ ጎን ለጎን አስቀመጡ። የእኔው ጠባብና ረዘም ያለ ነው፤ የእሳቸው፣ ተራ ኮምፒውተር ውስጥ ሁሉ የሚገባው ዓይነት፣ ወፍራም ጡብ ያህላል።

«ጋሽ ኑሩ፣ ልኩ ነው አላሉኝም?»

«ልክ ነው አልኩህ! ትክክል ነው፣ ይሠራል ማለቴ ነው። ልኩ ነው መች ወጣኝ?» ብለው ሣቁ። «ቅኔ ከሚዘረፍበት አገር መጥተህ ሰምና ወርቁን ሳትለይ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። የዚያን ቀን ግን እንባዬ መጣ። አይተውኝ ኖሮ ሣቃቸውን ትተው በርጩማ ሳቡልኝ።

«ስማኝ ልጄ። ያንተን ፋብሪካው ለራሱ ብቻ ነው የሠራው፤ አቻው አዲስ አበባም መገኘቱን እንጃ። የዚህ መሰኪያ ይገባልሃል፤ የሽቦው ተራ ግን ሌላ ነው። ዝም ብለህ ከሰካኸው ኮምፒውተሩን ራሱን ታቃጥለዋለህ። ሽቦውን በተቃጠለው ዕቃ ተራ ካዛወርከው ይሠራል።»

ፋብሪካዎች ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ዛሬም አይገባኝም። አንድ ሥራ ለሚሠራ ዕቃ ሁሉም የየራሱን ቅርጽ ያወጣለታል፤ ሲበላሽ ወደ እነሱ ብቻ እንድንሄድ። ቢቸና ተቀምጦ እነሱን ማግኘት ዘበት ነው። ጡቡን ታቅፌ በዚያው ጭቃ ተመለስኩ።

በነጋታው ጠዋት ሥራ ጀመርኩ። አሮጌው ጎን ላይ የትኛው ቀለም ሽቦ ስንት ቮልት እንደሚሸከም ተጽፏል። የአዲሱን ሽቦዎች በመርፌ ጫፍ ከመሰኪያው እየነቀልኩ በአሮጌው ተራ መለስኳቸው። የዝና አጠገቤ ተቀምጣ ቆሎ ትቆረጥማለች። አንዱን ብስት ኮምፒውተሩ ይቃጠላል፣ እሷም ትሄዳለች። እጄ አልቦት መርፌው ያዳልጠኛል። ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። ሣጥኑ ውስጥ አልገባም ያለውን ጡብ ውጭ ትቼ በሲባጎ አሰርኩት።

«ልክ ነው?» አለችኝ።

«ልኩስ አይደለም» አልኳት።

ቁልፉን የተጫነችው እሷ ናት። ማራገቢያው አጉረመረመና መዞር ጀመረ፤ ስክሪኑም በራ። አልጨፈርንም። እኔ እዚያው ወለሉ ላይ ጋደም ብዬ እንቅልፍ ወሰደኝ። የዝናም አልሄደችም።

ይሄን ሁሉ ዓመት ያስቀራት ኮምፒውተሩ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ባለፈው ሳምንት ቋጠሮውን ሳይ ጠየቅኋት።

«እታለም፣ ያኔ ባይሠራ እውነት ትሄጂ ነበር?»

«ቢሠራም ልሄድ ነበር» አለች። «ከደላላው ጋር ጨርሼ ነበርኮ። አንተ መርፌ ይዘህ ሲያልብህ አየሁና እግሬ እንቢ አለኝ።»

ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ አላወቅሁም። የዝና ሱቅ ስትከፍትና ስትዘጋ፣ የሄደ መብራት ስትጠብቅ፣ ሳታገባ ሳትወልድ እዚሁ ቢቸና አርጅታለች። ብትሄድ የተሻለ ይገጥማት ነበር ይሆን? እንዲህ ያለው ሐሳብ ከመንገድ ይልቅ ያደክማል።

«ታዲያ መቅረትሽ ልክ ነበር?» አልኳት።

የጡቡን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ልኬስ አልነበረም» አለች። «ግን ሠራሁ።»

ኮምፒውተሩን ላወጣ ነበር የሄድኩት። ሲባጎው ላልቶ አገኘሁትና አጥብቄ አስሬው ወደ ሞጣ ተመለስኩ።