በሁዳዴ የመጣ ቅቤ

ሱፐርማርኬት ገብቶ ወተት አንስቶ የሚወጣ ሰው ያ ወተት እንዴት እዚያ እንደደረሰ አያስብም። ማሰብም የለበትም፤ ለእሱ የማስበው እኔ ነበርኩ። በሁለት ሺዎቹ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ከዴንቨር መጋዘን እየተነሳሁ በማቀዝቀዣ ተጎታች ወተት፣ እርጎ፣ ቺዝ፣ ቅቤ፣ እንቁላልና የታሸገ ሥጋ ለኦሮራ፣ ለግሌንዴልና ለሊትልተን ሱፐርማርኬቶች አደርስ ነበር። ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ አልሽኮረመምም። ያን የሚያህል ተጎታች በጠባብ ጓሮ ወደኋላ ነድቼ ከማራገፊያው በር ጋር የማገጥመው በአንዴ ነው። ወደፊት ወደኋላ ሲሉ የሚውሉትን ሾፌሮች መስታወቴን ዝቅ አድርጌ አያለሁ። መሳቅ ነውር ነው፣ ግን እስቃለሁ።

በዓል የሚነግረኝም ጭነቱ ነበር። የቱርክ ዶሮ ሲበዛ የኅዳሩ የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል መድረሱን አውቃለሁ፣ አይስክሬም ሲበዛ ሙቀቱ መምጣቱን። እንቁላልና የአሳማ ሥጋ እስከ ጣሪያው ከተጫነ ፋሲካ ደርሷል ማለት ነው። ካላንደር ማየት ከተውኩ ቆይቼ ነበር።

ቤቴ ውስጥ ግን አንድ ነገር አልታዘዝ ብሎኛል። እኔ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ጴንጤ ሆንኩ፣ ሚስቴንም ያገኘኋት እዚያው ቸርች ነው። አባቴ የኦርቶዶክስ ሃይማኖታቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር፣ ከኮልፋክስ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አፓርታማ፣ ከእህቴ ጋር ይኖራሉ። ቤቴ አይመጡም አልልም። ይመጣሉ፣ ይመርቁናል፣ ይጫወታሉ። ወደ አፋቸው ግን አንዲት ነገር አያስገቡም። «ጠግቤ ነው የመጣሁት» ይላሉ፣ በቃ። ሚስቴ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ የሰው አባት በማንኪያ ስታበላ ውላ፣ ለእሳቸው ደግሞ ሥጋ ነክቶት በማያውቅ ድስት የጾም ወጥ ትሠራለች። ያው «ጠግቤ ነው» ይሏታል። በመጨረሻ አንጀቷ ቆረጠ። «ራሳቸው አፍ አውጥተው ካልጠየቁኝ፣ ከእንግዲህ ሳህን አላቀርብላቸውም» አለችኝ። ጨርሶ እንዳይቆራረጡብኝ ፈራሁ።

አንድ የጸደይ ቀን ሊትልተን ደርሼ ተጎታቹን ስከፍት፣ በእንጨት መደብ ላይ ከተቆለሉት አንዱ የቅቤ ፓሌት ዘንበል ብሎ የታችኞቹ ካርቶኖች ተጨፍልቀዋል። ውስጡ ያለው ቅቤ ምንም አልሆነም። የሱፐርማርኬቱ ዕቃ ተቀባይ ግን ካርቶኑን ብቻ አየና ሙሉውን ፓሌት አልቀበልም ብሎ ሪጀክት አደረገው። ተከራከርኩት፤ ከግንብ ጋር ብከራከር ይሻል ነበር። መጋዘን ስደውል አለቃዬ፣ «እንዳትመልሰው፤ የፈለግከውን ውሰድ፣ የቀረውን ለሆነ ቤተ ክርስቲያን ስጠው» አለኝ። ለየትኛው? ለእኔ ቸርች ወይስ ለአባቴ ቤተ ክርስቲያን? ሳቄ መጣ።

ወዲያው ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ቅቤው ጨው የሌለው፣ ለማንጠር የተፈጠረ ነው። ቅቤ ደግሞ አይታረድም፤ የማን እጅ ባረከው ተብሎ አይጠየቅም። አባቴ በዚህ ምን ምክንያት ይሰጣሉ? የአሳማ ሥጋው ጭነት ካለቀ ሰነባብቷል፣ ቸርቻችንም በዚያ ዓመት ከአሜሪካኖቹ ጋር ፋሲካን አክብሯል። ስለዚህ በእኔ ሒሳብ የአባቴም ጾም ተፈቷል።

ሚስቴ ከሥራ ስትወጣ በዚያው እንድትመጣ ደወልኩላትና ከእህቴ አፓርታማ ጀርባ ፓርክ አደረግኩ። ካርቶን ተሸክሜ፣ «እንኳን አደረሳችሁ!» እያልኩ ገባሁ።

እህቴ አማተበች። «በስመ አብ! ምን ነካህ? ሁዳዴ እኮ ነው! የእኛ ፋሲካ መች ደረሰ?»

አባቴ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ «የራሱን ጾም መተዉ ሳያንሰው የእኛንም ሊያስፈታን መጣ!» አሉ።

ደሜ ፈላ። «እሺ፣ ገንዳ ውስጥ ልወርውረው?» አልኩ። ቅቤ መጣል! እህቴ ይህን መስማት እንኳ አልቻለችም። አሁን ይነጠርና ለፋሲካ ይቀመጥ ተባለ። አባቴ ግን አልተዋጠላቸውም።

«አሜሪካን የመለሰውን? ቢበላሽ ነው እንጂ!»

«ሽታው ደህና ነው አባባ» አለች እህቴ።

«አፍንጫ ይዋሻል። መቅመስ ነው።»

ማን ይቅመስ? እሳቸው ጾመኛ፣ እህቴ ጾመኛ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጾመኛ። «እኔ አለሁ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«አንተማ ኮሶ ቢሰጡህም ይጣፍጣል የምትል ነህ» አሉኝ።

ሚስቴ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማ ነበር። አባቴ አዩዋት። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ልጄ፣ እስቲ አንቺ ቅመሽልን» አሉ።

ልጄ ብለዋት አያውቁም። እጇን ታጥባ በማንኪያ ጫፍ ወሰደች። ሁላችንም አፏን እናያለን።

«ደህና ነው አባባ። ለጋ ነው።»

«እሷ ካለች ደህና ነው» አሉ፣ ነገሩም አለቀ።

ከዚያ በኋላ እህቴ ባነጠረች ቁጥር ስልክ ይደወላል፤ «አባባ ነይና ቅመሺ ብለዋል» ትላለች። ሚስቴ ከሥራ በቀጥታ ትሄዳለች። ኮረሪማው አንሷል ስትል ይጨመራል፣ ኮሰረቱ በዝቷል ስትል እህቴ ትቆጣለች፣ አባቴ ግን ለሚስቴ ይፈርዳሉ። ቅቤውን ያመጣሁትን እኔን የሚጠይቀኝ የለም። በእውነት ቅር ብሎኛል፣ ደስም ብሎኛል።

የፋሲካ ማግስት ጠዋት አባቴ ቤታችን መጡ። ሚስቴ በዚያ ቅቤ ጨጨብሳ እየሠራች ነበር፣ ሽታው ሳሎኑን ሞልቶታል። ወጥታ ጉልበታቸውን ስማ «እንኳን አደረስዎ» አለቻቸውና ባዶ እጇን ተቀመጠች። ሳህን የለም። ቃሏን ጠበቀች። አባቴ ስለ አየሩ አወሩ። ስለ እህቴ አወሩ። እኔ በየመሀሉ ወደ ኩሽናው አያለሁ።

በመጨረሻ ወደ እሷ ዞሩ። «ሁዳዴውን በአንቺ ምላስ ነው የከረምኩት። ዛሬ እንኳ ራሴ ልቅመሰው እንጂ።»

ሚስቴ ተነስታ ወደ ኩሽና ገባች። ስትቆይብኝ ተከትያት ገባሁ፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ እያለቀሰች ድስቱን ታማስላለች።

«ኧረ ራበኝ!» አሉ አባቴ ከሳሎን።