አተላ ያልለመደች ላም

ጉዳዩ የነካው አራት ሰዎችን ነው። አንደኛው ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈራችን ጎረቤቴ የሆነው ወዳጄ ነው፤ የላሟ ባለቤት። ሁለተኛዋ ሚስቱ ናት፤ ወተቱን ለሻይ ቤቶች እያከፋፈለች ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት። ሦስተኛዋ የእኔ ልጅ ናት። አራተኛው እኔ ነኝ፤ አናጢ፣ ትምህርት ቤት ሳልገባ በራሴ ማንበብ ከተማርኩ ወዲህ ለማንም ምክር የማልሰስት።

ለገና ባልና ሚስቱ የባልየው ወላጆች ወዳሉበት ወደ አኖ ሲሄዱ ላሟን ከነጥጃዋ፣ ሁለት በጎችም ጨምረው ለእኔ ተዉልኝ። ወዳጄ ድርቆሹን አሳየኝ፤ ፉርሽካና ፋጉሎውን በጣሳ እየሰፈረ ልኩን ነገረኝ።

«ከዚህ ሌላ ምንም እንዳትሰጣት፣ ኦቦሌሳ ኮ» አለኝ። ወንድሜ ማለቱ ነው። እሺ አልኩት እንጂ በልቤ ከብት ማብላት ለእኔ የሚነገር ነገር ሆኖ አልታየኝም።

እነሱ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ በቤታቸው ጠላ አይጠመቅም። እኛ ግን አባቴ ከወሎ ይዞት የመጣውን ልማድ ስላልተውን ለበዓል እንጠምቃለን። በዓሉ ሲያልፍ ከጋኑ ሥር የቀረው አተላ ባልዲ ሞልቶ ተረፈ። በእኛ ዘንድ አተላ አይደፋም፣ ለከብት ይሰጣል። የራሴ ከብት ከሌለኝ ዘመን ስለሆነ ሌላ ጊዜ የሚወስደው ጎረቤት ነበር። ዘንድሮ ግን ላም በእጄ ነበረች። የተረፈ ሊጥም ጨመርኩበት።

ልጄ ባልዲውን አይታ መንገዴ ላይ ቆመች። «አባዬ፣ ይቺ ላም አተላ ቀምሳ አታውቅም። ትንሽ ብቻ ስጣት።»

«እህል መድፋት ኃጢአት ነው» አልኳት። «አንቺ ስለጠገብሽ ነው።»

ይህን ስል ጥጋብን የገሠጽኩ መስሎኝ ነበር። ላሟ የባልዲውን ታች ሳይቀር ላሰችው። ደስ አለኝና ከባልዲው የተረፈውን ደገምኩላት።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ በረቱ ስሄድ ላሟ ቆማ ታቃስታለች። ማመስኳቷን ትታለች፣ ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ልጄ የእንስሳት ሐኪም ፍለጋ ሮጠች። የምናውቀው ሐኪም ለበዓል አገሩ ገብቶ ነበር። ሌላ ፈልጋ ይዛ እስክትመጣ ድረስ እኔ ላሟን ስጎትት፣ ሆዷን ሳሽ፣ ዘይት ስግት ቆየሁ። ሐኪሙ የደረሰው ከወደቀች በኋላ ነው። ምን እንደበላች ጠየቀኝና ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ብዙም ሳትቆይ ሞተች።

ወዳጄ በስልክ ሰምቶ ከሚስቱ ጋር በዚያው ቀን ተመለሰ። እሷ ጥጃዋን አቅፋ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ነገ ደንበኞቿን ምን እንደምትላቸው ባሏን በኦሮምኛ ጠየቀችው። እሱ ግን የሚያጽናናው እኔን ነበር። ጤዛ ያለበት ሣር ግጣ ይሆናል፣ ስንት ላም እንዲህ ይሞታል እያለ።

እውነቱን ልናገር፣ ዝም ልል ነበር። ልጄ አጠገቤ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ስለ ውሸት ስንት ጊዜ የገረፍኳት ልጅ የእኔን ውሸት ልትሸፍን አፏን ዘግታ ነበር። ያንን መቻል አቃተኝ።

«ሣር አይደለም» አልኩ። «አተላ ሰጠኋት፣ ሊጥም። ልጄ ተው ብላኝ ነበር።»

ወዳጄ መስፈሪያውን ጣሳ አነሣ። «እኔ ስሰፍርልህ የት ነበርክ?» አለኝ።

ጃርሶሊ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ተቀምጠው የላሟን ዋጋ መቶ ሺህ ብር አሉት። ሙሉውን እከፍላለሁ ብል ወዳጄ ከግማሹ በላይ አልቀበልም አለ። ሚስቱ በዚህ አልተስማማችም፤ ትክክል ነበረች። ደንበኞቿ ወደ ሌላ ሄደዋል፣ ለጥጃዋም ወተት የምትገዛው እሷ ናት።

የባሏ ቃል ግን ጸና፤ ሃምሳ ሺህ እነሱ ከሰሩ፣ ሃምሳ ሺህ በእኔ ላይ ወደቀ። በእጄ የነበረው ሠላሳ አምስት ሺህ ነው። ልጄ ለስፌት መኪና ያጠራቀመችውን ሳልጠይቃት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ እኔም ወሰድኩት። ከመቶው ሺህ ብር አሥራ አምስቱን ሺህ የከፈለችው ተው ያለችኝ ናት።