አላውቃትም ያለችው ጽጌረዳ

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ አምቦ ውስጥ የተከራየንበት ግቢ ባለቤት ኦቦ ገመቹ በረንዳው ላይ ከሰል አያይዘው፣ በቆሎ እየጠበሱ ተረት ያወሩልን ነበር፤ ፊታቸው የሚታየን ፍሙ ሲራገብ ብቻ ነው።

አንድ ምሽት የሁለት እህትማማቾችን፣ የቀጋንና የጽጌረዳን ተረት ነገሩን። ጽጌረዳ ባለጸጋ ግቢ ገብታ ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደራረበች። የዱሯ ቀጋ አምስት የአበባ ቅጠሏን ብቻ ለብሳ ልትጠይቃት ብትመጣ፣ ዘበኛው «ታውቂያታለሽ?» ሲል ጽጌረዳን ጠየቃት። «አላውቃትም» አለች። ቀጋም ከአጥር ውጭ ቀረች።

«በትክክል አምስት ነው?» አልኳቸው።

«ይሄ ጉርባ፣ ይሄ ልጅ፣ ተረትም በደረሰኝ ነው የሚቀበለው» ብለው ሳቁ።

በማግስቱ አጥር ሥር የበቀለች ቀጋ አበባ ላይ ቅጠሎቹን ቆጠርኩ፤ አምስት ነበር። ሌሎች ሰባት የቀጋ አበቦችም ቆጠርኩ፤ ያው አምስት። ለወላጆች ቀን የአበባ ፎቶ አምጡ ተብለን ስለነበር ቀጋዋን ከነእሾኋ፣ የግቢያችንን ቀይና የጎረቤትን ቢጫ ጽጌረዳ በወንድሜ ስልክ ከአንድ ስንዝር ርቀት አነሳሁ። ፎቶ ቤት አሳጥቤ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ለጠፍኳቸው። ስሜን ግን አልጻፍኩም፤ እህትማማች ናቸው ብዬ ጎን ለጎን ማድረጌ ስህተት ቢሆንስ ብዬ።

መምህራችን ቀጋዋ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «ይሄን የአጥር እሾህ ማን ነው የለጠፈው?»

«የፍየል ቀለብ» አለ ከኋላዬ ያለው ልጅ። ክፍሉ ሳቀ።

አንገቴን ደፋሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። መምህሩ ግን «አንተ፣ ታውቃለህ?» አሉኝ። «አላው…» ብዬ ከመጀመሬ የከሰሉ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ።

«የኔ ነው» አልኩ።

«በል እሱን አንሳው፤ ጽጌረዳዎቹ ይቅሩ።»

«እህታቸው ናት። እሷ ከወረደች ሁሉም ይወርዳሉ» አልኩ።

ትንሽ አዩኝና «እንግዲያው ለወላጆች አንተው ታስረዳለህ» ብለው አለፉ።

የወላጆች ቀን ሲደርስ ቀኑን ሙሉ ከፎቶዎቹ አጠገብ ቆሜ አስረዳሁ። ኦቦ ገመቹም መጥተው የቀጋዋን ቅጠሎች በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። «እኔ እኮ በግምት ነበር ያልኩት» አሉኝ በሹክሹክታ።

ዛሬም ካሜራ ይዤ ከእንጭኒ እስከ ጌዶ የጽጌረዳና የቀጋ ዓይነቶችን አነሳለሁ። ዛሬም እጠራጠራለሁ፤ ሦስት ጊዜ አነሳለሁ፣ አራት ጊዜ እቆጥራለሁ። «ቀጋዋን አውጣና ጽጌረዳዎቹን ብቻ ስጠን» የሚሉኝ ፎቶ ገዢዎች ግን አልጠፉም። እንቢ እላለሁ። ከቀጋዋም ሥር ስሜን በትልቁ እጽፋለሁ።