ሊቲየምና ጨው አልባው ወጥ
እኔ ብዙ አላወራም። ብዙ ካወራሁ ሕመሜ ተነስቷል ማለት ነው። ባለፈው ሲነሳብኝ ጌጃ ሰፈር ካለው ቤቴ ሶፋ አውጥቼ ለመንገደኛ ሰጥቻለሁ።

ሐኪሟ ሊቲየም የሚባል ኪኒን አዘዘችልኝ። «የጨው ዓይነት ነው። ደስታው ከልክ እንዳያልፍ፣ ሐዘኑም እንዳይደፍቅዎት ያለዝባል» አለችን፣ እኔንና ባለቤቴን።

እውነትም ረጋሁ። እየቆየ ግን እጄ ይንቀጠቀጥ፣ ሆዴ ይገለባበጥ ጀመር። ልደታ ወዳለው ክሊኒክ ተመለስን። ደሜ ሲመረመር መድኃኒቱ በዝቶ ተገኘ።

«አባባ፣ ደርበው ይውጣሉ እንዴ? እንዲህ ከሆነማ ኪኒኑ ይቆማል» አለች ሐኪሟ። ሶፋው ትዝ አለኝና ደነገጥኩ።

«ኧረ ደርቦ አያውቅም!» አለች ባለቤቴ። «እንዲያውም ኪኒኑ ጨው ነው ስላልሽን፣ እንዳይበዛበት ብዬ ወጡ ውስጥ ጨው መጨመር ትቻለሁ።»

ሐኪሟ ግንባሯን ያዘች። «እማማ፣ የምግቡ ጨው ሲቀንስ ኩላሊት መድኃኒቱን አላስወጣም ይላል፤ ደም ውስጥ ይጠራቀማል! አባባ፣ እርስዎስ ጨው የሌለው ወጥ ሲበሉ ዝም አሉ?»

«ኪኒኑ ደስታዬን ሲቀንስ፣ የወጡንም ጣዕም አብሮ የቀነሰው መስሎኝ ነዋ።»

ሐኪሟ ሳቋን እየታገለች ወደ ባለቤቴ ዞረች። «እርስዎስ እማማ፣ ያንን ወጥ እንዴት ቻሉት?»

«ምን በወጣኝ!» አለች። «የኔን ለብቻ ነው የምሠራው።»