የካሴቷ ጊዩር

እኔ የእናትና የአባቴን ሠርግ የታደምሁ ሰው ነኝ። ብቻዬን አይደለም፤ አምስት እህትና ወንድሞቼም አብረውኝ ነበሩ። የሙሽራውን ከረባት ያሰረው ትልቁ ወንድሜ ነው። ሀገር ቤት የተጋቡት እዚህ እስራኤል ስላልተቆጠረላቸው፣ ጊዩሩን፣ ማለት ወደ አይሁድነት የመመለሻውን ትምህርትና ፈተና እንደጨረሱ፣ ሁፓ በሚባለው ዳስ ሥር ቆመው እንደገና መጋባት ነበረባቸው። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እናቴ በነጭ ቬሎ ስትገባ አይቼ «እማዬ ልታገባ ነው፤ እኛስ?» ብዬ እንዳለቀስሁ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

ሠርጉን የአባቴ የአጎት ልጅ በተዋሰው ካሜራ ካሴት ላይ ቀርጾት ነበር። አባቴ ከሞተ አምስተኛ ዓመቱ ሊደፍን ሁለት ሳምንት ሲቀረው እናቴ ከምትኖርበት ከክርያት አታ ደወለችልኝ።

«ድምጣቸው እየጠፋኝ ነው» አለች። «ፊታቸውስ ግድግዳው ላይ አለ። ድምጣቸው ነው የጠፋኝ። ካሴቷን አሰሚኝ።»

ካሴት ማጫወቻችን የሞተው ከአባቴ በፊት ነው። እኔም አምስት ዓመት ሙሉ «ዲስክ ላይ አስገለብጥልሻለሁ፣ ነገ» ስላት ኖሬአለሁ። በዚህ ጊዜ ግን ድምጿ ደስ ስላላለኝ ሃይፋ፣ እኔ ሰፈር፣ ሃዳር ውስጥ አንድ ሱቅ ፈልጌ አገኘሁና መልሼ ደወልሁ።

«አይዞሽ፣ ሀማራ የሚሠራ ሰው አግኝቻለሁ። ካሴቷን ለሱ እሰጣታለሁ።»

 ሀማራ በዕብራይስጥ መለወጥ ነው፤ ሱቁ በር ላይም «የካሴት ሀማራ» ተብሎ ተጽፏል። እናቴ ግን ቃሏን የተማረቻት ጊዩር ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ደግሞ ሀማራ ማለት ሃይማኖት መለወጥ፣ አያቶቻችን ክርስትና ገብተው አጠፉት ተብሎ ለእሷና ለአባቴ ስንት ቀን የተነገራቸው ጥፋት ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

«ደግሞ ካሴቷንም?» አለች። «እኛ አንዴ ወጥተን አንዴ ተመልሰናል፤ ይበቃል።»

«እማዬ፣ ወደ ዲስክ ነው እኮ የምትለወጠው!»

«ወደ ምንም ትለወጥ፣ እኔ ሳልኖር እንዳትነካ።»

በማግስቱ ጠዋት ካሴቷን በፎጣ ጠቅልላ፣ ደረቷ ላይ አቅፋ ከአውቶቡስ ወረደች። የሃዳርን ደረጃ ስንወጣ ልያዝልሽ ብላት እንቢ አለች። ባለሱቁ ከሩሲያ የመጣ ሽማግሌ ነው፤ መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣ ዕብራይስጡ እንደ እናቴ ስብርብር ያለ። እነሱ ወዲያው ተግባቡ። እኔ ነኝ ሁለቱንም ለመስማት የተቸገርሁት።

መጀመሪያ ጥያቄ ጠየቀ። ካሴቷ ከየት መጣች? ማን ቀረጻት? ሌላ ነገር ተቀርጾባት ያውቃል? እናቴ እንደ ጊዩር ፈተናዋ ቀን ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠችና በክርኗ ጎሰመችኝ።

«እውነቱን ንገሪው። ከዋሸሽ ይመልሱናል።»

ታናሽ ወንድሜ መጨረሻዋ ላይ የእግር ኳስ ጨዋታ እንደቀዳባት ተናዘዝሁ። ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ካሴቷን ወደ መብራቱ አስጠጋት።

«ሻጋታ አለባት። ካላጠብኋት አትሆንም።»

«ሚቅዌ!» አለች እናቴ። ጊዩር ሲያልቅ የሚጠለቅበትን ገንዳ ማለቷ ነው። «እኔንም ጸጉርሽ አልሰጠመም ብለው ሦስቴ ነው ያጠለቁኝ። እሷን ስንቴ እንደሆነ ጠይቂው።»

እያፈርሁ ጠየቅሁት።

«ሁለቴ ሦስቴ» አለ ምስኪኑ፣ ምንም ሳያውቅ።

«አላልሁሽም? ይሄ ሀማራ አይደለም፤ ጊዩር ነው።» ከዚያ በኋላ ሰውየውን እንደ ዘመድ ታየው ጀመር።

ታጥባ ስትደርቅ፣ ካሴቷ ዲስክ ላይ የምትገለበጠው እየተጫወተች ስለሆነ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ነገ ተመለሱ አለን። እናቴ ንቅንቅ አላለችም። ስለዚህ ሦስታችንም ተቀምጠን ሠርግ አየን። የአባቴ የአጎት ልጅ ካሜራውን ያጠፋ መስሎት ሩብ ሰዓት የገዛ ጫማውን ቀርጿል። ቀጥሎ እኔ ንፍጤን እያዝረከረክሁ መጣሁ። ባለሱቁ «ይህቺ ለምን ታለቅሳለች?» ሲል ጆሮ ዳባ ልበስ አልሁት።

ሁፓው ላይ ደረስን። አባቴ ያችን የቀለበት ቃል ሳምንት ሙሉ አጥንቷታል፤ «ሀሬ አት መቁዴሼት ሊ በታባዓት ዞ»፣ በዚች ቀለበት ለእኔ የተቀደስሽ ነሽ። ታባዓት ቀለበት ነው። እናቴ ግን «ተባዕት» ብላ ሰምታ፣ ባጠና ቁጥር «የምን ተባዕት ነው?» እያለች ታስቀው ነበር።

አባቴ ቀለበቷን አነሣ። ልክ ያን ጊዜ ምስሉ ተሰነጣጠቀና ድፍን ጥቁር ሆነ። ሻጋታው በልቶታል። እናቴ ክንዴን ጨመደደችው። እኔ አፈርሁ፤ ያ ሁሉ «ነገ» ፊቴ ላይ መጣ።

ከጥቁሩ ውስጥ ድምፅ ወጣ።

«ሀሬ አት… መቁዴ… መቁዴሼት ሊ፣ በታባዓት…»

የሴት ሹክሹክታ አቋረጠው፤ ሳቅ አፍኗታል። «የምን ተባዕት ነው?»

አባቴም አላንሾካሾከም። አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ፣ «እኔ ነኛ!» አለ።

ሰዉ አውካካ። የሚያጋባቸው ረቢ ምን አለ ብሎ ጠየቀ፤ እንደገና አስጀመረው።

እናቴ መዳፏን ጥቁሩ ስክሪን ላይ አሳረፈች።

«እርስዎ ነዎታ» አለች። «እርስዎ ነዎት እንጂ ማን ሊሆን ነው።»

እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስሁ፤ በዚያ ሠርግ ሁለተኛዬ ነው። ሰውየው የሆነው ነገር ስላልገባው በትሕትና ጠየቀ።

«ይሄ ቦታ ተበላሽቷል፤ ምስል የለውም። ቆርጬ ላውጣው?»

እስክተረጉምላት አልጠበቀችም። በገዛ ዕብራይስጧ፣ «ይሄን ተው። ከፈለግህ ሌላውን ቁረጥ» አለችው።

ዲስኩ ሲያልቅ ብዕር አንሥቶ ምን ልጻፍበት አለ። የካሴቷ ጀርባ ላይ «ሠርግ» ይላል፤ እሱኑ ይጻፍ አልሁ።

«ኧረ ምን ሆነሻል!» አለች እናቴ። «ጊዩር የገባ አዲስ ስም ይወጣለታል።» ጥቂት አሰበችና ነገረችኝ። ባለሱቁ የኛን ፊደል ስለማይችል ብዕሩን ተቀብዬ እኔው ጻፍሁት፤ «እኔ ነኛ»።